ጎመኑን ማጠብ ወንዙን አያጠራም



በውስጥ መስመር በተደጋጋሚ ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አንዱ «ዶክተር፣ በአቃቂ ወንዝ የለማ ጎመን በደንብ ታጥቦ ቢቀቀል ችግር አለው ወይ?» የሚል ነው።

ማጠብና ማብሰል ከታይፎይድ፣ ከአሜባና ከወስፋት ይከላከላል። ከከባድ ብረቶች ግን አይከላከልም። ጀርም በሙቀት ይሞታል፤ እርሳስ፣ ካድሚየምና ክሮሚየም ግን በእሳት አይጠፉም። እጥበት ቅጠሉ ላይ ያለውን አፈር ያነሳል፤ ተክሉ በሥሩ ስቦ ያስገባውን አያወጣም። ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ደግሞ ካድሚየምን በቀላሉ ከሚያከማቹት ውስጥ ናቸው።

ትልቁና ትንሹ አቃቂ አዲስ አበባን አቋርጠው ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። በመንገዳቸው የፋብሪካ፣ የጋራዥና የቤት ፍሳሽ ይቀበላሉ። ቆዳ ፋብሪካዎች ለማልፋት የሚጠቀሙት ክሮሚየም አንዱ ምሳሌ ነው። ባለፉት ዓመታት የተደረጉ ጥናቶች በውሃው፣ በአፈሩና በአትክልቱ ውስጥ እነዚህን ብረቶች አግኝተዋል፤ በአንዳንድ ናሙናዎች መጠኑ ከሚፈቀደው በላይ ነበር።

ሰውነታችን ውስጥ ምን ያደርጋሉ?

እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት «ጉዳት የለውም» የሚባል የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ይገልጻል። ሕፃናት ከዋጡት እርሳስ ወደ ሰውነታቸው የሚያስገቡት ከአዋቂ ከ4 እስከ 5 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። አጥንት ውስጥ የተከማቸው ደግሞ በእርግዝና ጊዜ ወጥቶ ወደ ፅንሱ ሊያልፍ ይችላል። ካድሚየም ኩላሊት ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ይቆያል።

ጃፓን ይህንን በጂንዙ ወንዝ አይታዋለች። ከላይ ከማዕድን ማውጫ የወረደ ካድሚየም ሩዙን በከለው፤ የብዙ ሴቶች አጥንትና ኩላሊት ተጎዳ። ሕመሙ «ኢታይ ኢታይ» ተባለ፤ «አመመኝ፣ አመመኝ» ማለት ነው። መንግሥት ምክንያቱን በይፋ ያመነው በ1968 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሰዎቹ ግን ለአሥርት ዓመታት ሲሰቃዩ ኖረዋል።

የሚያሳስበኝ ይኸው ነው። ኮሌራ ሲገባ በሳምንት ውስጥ ሁላችንም እንሯሯጣለን። ይህኛው ግን ሳይጮህ ይገባል። ትምህርት የከበደው ልጅ «ሰነፍ» ይባላል፤ ኩላሊቱ የደከመው አባት ከየት እንዳመጣው አይታወቅም። በአብዛኞቹ ጤና ተቋሞቻችን በደም ውስጥ ያለ እርሳስ ስለማይለካ ጉዳቱ አይቆጠርም። ያልተቆጠረ ደግሞ እንደሌለ ይታያል።

እስከዚያው እናንተ ማድረግ የምትችሉት፦

• አትክልት መብላት አታቁሙ፤ ጥቅሙ ትልቅ ነው። ዓይነቱንና የምትገዙበትን ቦታ ቀያይሩ፣ አፈሩ እስኪለቅ እጠቡ።
• የወንዙን ውሃ አፍልታችሁም ቢሆን አትጠጡ።
• ለልጆች ምስር፣ ሽሮ፣ እንቁላልና ወተት ስጡ። አይረንና ካልሲየም ያነሰው ልጅ እርሳስን የበለጠ ይስባል።
• «ወተት መርዝ ያጥባል» የሚለውን አትመኑ፤ ወተት ምግብ እንጂ ማርከሻ አይደለም። «ደም ያጠራል» እየተባለ በሚሸጥ ሻይም ገንዘባችሁን አታባክኑ።
• በጋራዥ ወይም በባትሪ ሥራ የምትሠሩ፣ የሥራ ልብሳችሁን ለብሳችሁ ልጅ አትቀፉ።

ነገር ግን ሸክሙን በእናቶች ላይ ብቻ መጣል ፍትሕ አይደለም። ገበያ ላይ የተዘረጋ ጎመን የት እንደበቀለ አይናገርም። ገበሬውም ሌላ ውሃ ስለሌለው እንጂ ሰው ለመጉዳት አይደለም የሚያጠጣው፤ ከማሳው ማባረር ሳይሆን ንጹሕ ውሃ ማግኘት ነው የሚያስፈልገው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብት ነው ይላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም የበከለ እንዲያጸዳ ወይም ወጪውን እንዲከፍል ያዛል። ስለዚህ ፍሳሽ ሳይጣራ ወንዝ አይግባ፤ ውሃውና አትክልቱ በየጊዜው ይመርመር፤ ውጤቱም ለሕዝብ ይነገር።

አእምሮው በእርሳስ ለተጎዳ ልጅ የጠፋውን የሚመልስ መድኃኒት የለኝም። ማንም ሐኪም የለውም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ለወዳጆቻችሁ አጋሩት።