ቢራውን የሚደግፍ፣ ቤቱን የማያይ ሕግ፦ የአየርላንድ የገጠር መጠጥ ቤቶች ጉዳይ

በአየርላንድ ደቡብ ምዕራብ፣ በኬሪ አውራጃ፣ በዲንግል ልሳነ ምድር ላይ ባሊፌሪተር የምትባል መንደር አለች። አካባቢው የአይሪሽ ቋንቋ ዛሬም የሕዝብ መነጋገሪያ ሆኖ ከቀጠለባቸው ጥቂት ሥፍራዎች አንዱ ነው። በመንደሯ አቅራቢያ ቲግ ቭሪክ የተባለ፣ በቤተሰብ የሚተዳደር መጠጥ ቤት ይገኛል። ይህ ቤት ከ2008 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) በራሱ ግቢ ቢራ ይጠምቃል። ለቢራዎቹም የሰጣቸው ስም በአካባቢው ቋንቋ ነው። ከዚያ ወደ ሰሜን፣ በክሌር አውራጃ ሊስዱንቫርና በምትባል ትንሽ ከተማ የሚገኘው ሮድሳይድ ታቨርንም እንዲሁ የቤተሰብ ቤትና የጠመቃ ሥፍራ በአንድነት ነው።

እንዲህ ያሉ ቤቶች ብዙ ጊዜ የሚነሡት እንደ ቱሪስት መስሕብ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቋም ግን ከዚህ ይለያል። የራሱን ቢራ የሚጠምቅ የቤተሰብ መጠጥ ቤት ለገጠሩ ማኅበራዊ ሕይወት ብርቱ ድጋፍ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም የአየርላንድ ሕግ በአንድ እጁ ቢራውን እየደገፈ በሌላ እጁ ቤቱን ለገበያ ስለሚያቀርብ፣ የተጀመረው ጥረት ከግማሽ መንገድ አያልፍም።

የቤቱ ባሕርይ

በአየርላንድ ፐብ የሚባለው የገጠር መጠጥ ቤት በበሩ ላይ የሚታየው ስም አብዛኛውን ጊዜ የባለቤቱ ቤተሰብ ስም ነው። ፈቃዱ ከወላጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ቤተሰቡም ከባንኮኒው ጀርባ ወይም ከፎቁ ላይ ይኖራል። ብዙዎቹ ቤቶች ድሮ ሸቀጣ ሸቀጥም ይሸጡ ነበር። በቲፐሬሪ አውራጃ በፌዘርድ ከተማ የሚገኘው የማካርቲ ቤት የመጠጥ ንግድን ከቀብር አስፈጻሚነት ጋር አጣምሮ በመያዙ ይታወቃል። በአንድ ጣሪያ ሥር የመንደሩ ደስታም ኀዘንም ይስተናገዳል ማለት ነው።

በእንግሊዝ ብዙ መጠጥ ቤቶች ለረዥም ዘመን የቢራ ኩባንያዎች ንብረት ወይም በውል የታሰሩ ደንበኞቻቸው ነበሩ። በአየርላንድ ግን ቤቱ ባመዛኙ የቤተሰቡ ነው። ይሁን እንጂ ግድግዳው የቤተሰቡ ቢሆንም በቧንቧው የሚወርደው ቢራ የሌላ ነው። በ1759 በደብሊን የተመሠረተው ጊነስ ዛሬ የዲያጂዮ ሀብት ነው፤ የኮርክ ከተማ ሁለት ነባር ጥቁር ቢራዎች፣ መርፊስና ቢሚሽ፣ ሁለቱም በሃይነከን እጅ ገብተዋል። ከሩቅ በበርሜል የመጣ ቢራ ትርፉን ለጠማቂው፣ ለአከፋፋዩና ለአጓጓዡ አካፍሎ፣ ለመንደሩ ቤት የሚተርፈው የመቅጃው ድርሻ ብቻ ነው።

ቤተሰቡ ራሱ ሲጠምቅ ይህ ስሌት ይለወጣል። ብቅሉና ሆፕሱ ተገዝቶ ይመጣል፤ ጥሬ ዕቃው ወደ ቢራ ሲለወጥ የሚፈጠረው ተጨማሪ ዋጋ ግን እዚያው ይቀራል። ቢራው ከማብላያው ጋን እስከ ባንኮኒው የሚጓዘው ጥቂት እርምጃ ስለሆነ አከፋፋይ አያስፈልገውም። ወላጆቹን ለመተካት ከሚያመነታ ልጅ አንጻርም ሲታይ፣ ሌሎች የሠሩትን ከመቅዳት ይልቅ የሚማሩትና የሚያሻሽሉት ሙያ መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም። እርግጥ ነው፣ ሥራው አድካሚ ነው፤ የትንሽ ጠማቂ ቀን ባመዛኙ በእጥበትና በጽዳት ያልፋል። በበጋ የጎረፈው እንግዳም በክረምት አይገኝም። ስለዚህ ጠመቃው ቤቱን የሚያቆመው፣ ቤቱም በክረምት ምሽት የሚመጡትን ጥቂት ጎረቤቶች ይዞ መቆየት ከቻለ ነው።

ቤቶቹ ለምን ይዘጋሉ?

ከ2005 እስከ 2021 ባለው ጊዜ ውስጥ ከአየርላንድ መጠጥ ቤቶች ከአምስቱ አንዱ ያህል ከገበያ ወጥቷል። ምክንያቶቹን ሁሉ በአንድ ሚዛን ማየት አይገባም። መጋቢት 29 ቀን 2004 በሥራ ቦታዎች ማጨስ ተከለከለ። በ2011 ለአሽከርካሪዎች የሚፈቀደው የአልኮል መጠን ከ80 ወደ 50 ሚሊግራም በ100 ሚሊሊትር ደም ዝቅ አለ፤ በ2018 ደግሞ ቅጣቱ ጠበቀ። እነዚህ ውሳኔዎች የሰው ሕይወትን የሚጠብቁ ናቸውና ሊነኩ አይገባም። ክፍተቱ ያለው አብሯቸው ሊመጣ ይገባ በነበረው ነገር ላይ ነው። ከመጠጥ ቤቱ ርቆ ብቻውን የሚኖር አረጋዊ ገበሬ መኪናውን እንዳይነዳ በተከለከለበት ምሽት የሚሳፈርበት አውቶቡስ አልነበረውም። በ2018 በተወሰኑ የገጠር አካባቢዎች የተጀመረው የማታ ትራንስፖርት ሙከራ መልካም ቢሆንም ዘግይቶ የመጣ ነው።

የኮሮና ወረርሽኝ ዘመን ደግሞ መንግሥት ቤቶቹን በምን መነጽር እንደሚያይ ገለጠ። ምግብ የሚያቀርቡ መጠጥ ቤቶች ሰኔ 29 ቀን 2020 ሲከፈቱ፣ መጠጥ ብቻ የሚሸጡት ከደብሊን ውጭ እንኳ እስከ መስከረም 21 ድረስ ተዘግተው ቆዩ። ከእነዚህም መካከል ወጥ ቤት የሌላቸው አነስተኛ የገጠር ቤቶች ይገኙበታል። ደንቡ የጤና ዓላማ እንደነበረው አያከራክርም፤ ነገር ግን መለኪያው ቤቱ በምን ያህል ሰው እንደሚጎበኝ ሳይሆን ምን እንደሚሸጥ ነበር።

የሕጉ ሁለት እጆች

ዋናው ጉዳይ የሚነሣው ከፈቃድ ሕጉ ነው። የ1902 ሕግ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር አዲስ የመጠጥ ቤት ፈቃድ እንዳይሰጥ ከለከለ። አዲስ ቤት መክፈት የሚሻ ሰው ነባር ፈቃድ ገዝቶ ማስሰረዝ ነበረበት። የ2000 ሕግ ደግሞ የሚሰረዘው ፈቃድ ከየትኛውም የአገሪቱ ክፍል ሊመጣ እንደሚችል ደነገገ። በዚህም የአንዲት መንደር ብቸኛ ፈቃድ ተሽጦ በከተማ ለሚገኝ ሱፐርማርኬት የመጠጥ መደርደሪያ መክፈቻ ሊሆን ቻለ። ልጆቻቸው ደብሊን ወይም ባሕር ማዶ የቀሩባቸው አረጋውያን ባለቤቶች ከቤታቸው ይልቅ ወረቀታቸው ገዢ አገኘ። በእነርሱ መፍረድ አይቻልም፤ ፈቃዱ የጡረታ ጥሪታቸው ነውና። መንደሩ ግን በሽያጩ ላይ ድምፅ አልነበረውም።

በሌላ በኩል፣ ከ2005 ጀምሮ በዓመት ከ20,000 ሄክቶሊትር የማይበልጥ ቢራ የሚያመርቱ ጠማቂዎች ከኤክሳይዝ ታክሱ ግማሹ ቀረላቸው፤ የምርት ጣሪያውም ከጊዜ በኋላ ከፍ ተደርጓል። ይህ ድጋፍ ለትንንሽ ጠማቂዎች ትልቅ እፎይታ ነው። ይሁን እንጂ ድጋፉ የሚከተለው ሊትሩን ነው። በከተማ ዳር ባለ መጋዘን ተጠምቆ በሱፐርማርኬት የሚሸጠው ቢራና በባሊፌሪተር ተጠምቆ እዚያው ለጎረቤት የሚቀዳው ቢራ በሕጉ ፊት እኩል ናቸው። ጠማቂዎች ለጎብኚዎች ምርታቸውን እንዲሸጡ የፈቀደው የ2018 ሕግም ያሰበው ጠመቃ ኖሯቸው መጠጥ ቤት ለሌላቸው ነው። ጠመቃንና መጠጥ ቤትን በአንድነት ለያዘው የገጠር ቤተሰብ የጨመረለት ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ለዚህ አቋም የሚቀርበው ብርቱ ተቃውሞ፣ በአልኮል ብዙ በተጎዳ አገር መጠጥ ሻጭን መደገፍ ተገቢ አይደለም የሚለው ነው። ተቃውሞው ክብደት አለው። ነገር ግን ቤቱ ሲዘጋ ጠጪው መጠጣቱን አይተውም፤ ከሱፐርማርኬት ገዝቶ በቤቱ ብቻውን ይጠጣል። ከጥር 4 ቀን 2022 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ግራም አልኮል ቢያንስ 10 ሳንቲም እንዲከፈል የተደነገገውም ርካሹን የመደብር መጠጥ ለመግታት ነው። ደንበኛውን በስሙ የሚያውቅ ባለቤት ግን ከዋጋ ተመን የተለየ ልጓም አለው፤ ሰውዬው በቃው ሲል መቅዳቱን ያቆማል፣ ሳይመጣ ሲቀርም ደኅንነቱን ይጠይቃል።

ምን ይደረግ?

በ2022 የአየርላንድ መንግሥት ያቀረበው የሕግ ማዕቀፍ ለመጠጥ ቤቶች ነባር ፈቃድ የማስሰረዙን ግዴታ ለማስቀረት ሐሳብ አቅርቧል። ሐሳቡ ፈቃድ ከመንደር እየተነቀለ የሚሄድበትን በር ያጠባል፤ በአንጻሩ የአረጋውያኑን ጥሪት ዋጋ ያሳጣል። ስለዚህ ሦስት ነገሮች ሊታከሉበት ይገባል። አንደኛ፣ የአንድ መንደር የመጨረሻ ፈቃድ ከመሸጡ በፊት ለአካባቢው ነዋሪዎች በገለልተኛ ግምት ቅድሚያ ይቅረብ። ሁለተኛ፣ ከኤክሳይዝ እፎይታው የተወሰነው ክፍል ቢራውን በራሱ ባንኮኒ ለሚሸጥ የገጠር ጠማቂ ተለይቶ ይሰጥ። ሦስተኛ፣ የማታው ትራንስፖርት ከሙከራ ወጥቶ ቋሚ አገልግሎት ይሁን።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎችም እንግዳ አይደለም። የአየርላንድን የቢራ ገበያ ከሚመሩት ኩባንያዎች መካከል ሃይነከን በ2011 በደሌንና ሐረርን፣ ዲያጂዮ በ2012 ሜታ አቦን ገዝተዋል፤ የኋለኛው በ2022 ሜታን ሸጦ ወጥቷል። ጠማቂዋና ሻጯ አንዲት ሴት የሆነችበት ጠላ ቤት ደግሞ የአየርላንድ ገጠር ዛሬ መልሶ ሊገነባው የሚጥረውን አንድነት ከጥንት ጀምሮ ይዞ ኖሯል። ዘርፉን በሄክቶሊትር ብቻ የሚለካ ፖሊሲ በዚያም በዚህም ይህን ቤት አያየውም።

የባሊፌሪተር ቤት ቢራውን ቢሸጥ ሌላ ቢራ ይጠምቃል። ፈቃዱ አንድ ጊዜ ከመንደሩ ከወጣ ግን የሚተካው የለም። ሕጉ ሊጠብቅ የሚገባው በቅድሚያ ይህን የማይተካውን ነው።