የገዛሁት ሶፋ የማን ነው?

ባለፈው የጁሪ ቀን ከመምህሮቻችን አንዱ በአንድ ልጅ ፖስተር ፊት ቆም ብለው «ይሄ ወንበር ያንተ ነው?» ብለው ጠየቁት። ልጁም «አዎ፣ እኔው ነኝ ያወረድኩት» አለ። ስቱዲዮው በሳቅ ተናጋ። እኔም አብሬ ሳቅሁ እንጂ ሆዴ ፈራ ተባ ብሎ ነበር። ምክንያቱም ይህችው ጥያቄ ከጥቂት ወራት በፊት እኔው ላይ ደርሳብኝ መልስ አጥቼላታለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በክረምቱ ቤት ሠርቶ የሚሸጥ አንድ ድርጅት የሳሎን ምስል እንድሠራለት አነጋገረኝ። ሥራው አስቸኳይ ስለነበር ሶፋውንና የጣሪያ መብራቱን ከዜሮ ሞዴል ላድርግ ብል አልደርስም። ስለዚህ ቨርጂኒያ ያለችውን የአክስቴን ልጅ ለመንኳትና ሁለቱን ሞዴሎች በራሷ ካርድ ገዝታ ላከችልኝ። ምስሉ አማረ፣ ብሩም ተከፈለ። ሁለት ሳምንት ቆይተው ሥራ አስኪያጁ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ፋይሉንም በፍላሽ አምጣልን እንጂ፤ የከፈልንበት አይደል እንዴ?» አሉኝ። እኔም «እሺ ጋሼ» ብዬ ወስጄ አስረከብኩ። ከዚያ በኋላ ያ ሶፋ ሌላ ባለሙያ በሠራው የቪዲዮ ማስታወቂያ ላይ፣ በሌላ ሳሎን ውስጥ፣ ቀለሙን ቀይሮ ተቀምጦ አየሁት። የፈቃድ ወረቀቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብኩት ያን ዕለት ማታ ነው። ፈቃዱ የተሰጠው በአክስቴ ልጅ ስም ሲሆን ፋይሉን ለሌላ ወገን አሳልፎ መስጠት ክልክል ነው ይላል። ውሉ የእሷ፣ ያፈረሰው ግን የእኔ እጅ።

እንግዲህ በእኔ አስተያየት ጣጣው የሚጀምረው «ገዛሁ» ከምትለው ቃል ነው። ዳቦ ስንገዛ ዳቦው የኛ ነው፤ ብንበላው፣ ብንሰጠው፣ ብንሸጠው ማንም አያገባውም። ዲጂታል ሞዴል ስንገዛ ግን የምንገዛው እንድንጠቀምበት የተሰጠ ፈቃድ ነው። ነገሩ ለኛ አገር ሰው አዲስ መሆን አልነበረበትም። በፊልም ዘመን ወላጆቻችን ሠርጋቸውን ፎቶ ሲነሱ አልበሙን ይዘው ይሄዳሉ፤ ኔጌቲቩ ግን ብዙውን ጊዜ እዚያው ፎቶ ቤት ይቀር ነበር። ሬንደር ያደረግነው ምስል እንደ አልበሙ ነው፣ የሞዴሉ ፋይል ደግሞ እንደ ኔጌቲቩ። እኔ ፍላሹን ሳስረክብ የሰጠሁት የሰው ኔጌቲቭ ነበር።

ደስ የሚለው ነገር ምስሉን መሸጥን በተመለከተ አብዛኞቹ ፈቃዶች ለጋስ ናቸው። ለምሳሌ ዳዝ ከሚባለው መሸጫ የተገዛ የሰው ሞዴል ተጠቅማችሁ የሠራችሁትን ምስል ለመጽሐፍ ሽፋንም ሆነ ለፖስተር መሸጥ ትችላላችሁ። ያንኑ ሞዴል ጌም ውስጥ ማስገባት ከፈለጋችሁ ግን ሌላ ፈቃድ ለብቻው መግዛት አለባችሁ፤ ምክንያቱም ጌሙን የሚጫወተው ሰው እጅ የሚገባው ሞዴሉ ራሱ ነው። ተርቦስኩዊድ ላይ ደግሞ «ኤዲቶሪያል» የሚል ምልክት የተለጠፈባቸው ሞዴሎች አሉ፤ በተለይ ታዋቂ የንግድ ምልክት ያለባቸው መኪናዎችና ዕቃዎች። እነዚህ ለዜናና ለመሳሰለው ይሆናሉ እንጂ የምልክቱ ባለቤት ሳይፈቅድ ለማስታወቂያ አይሆኑም። የመኪና ማቆሚያችንን ለማሳመር የምንደረድራቸውን መኪኖች እስቲ አስቧቸው! በነፃ የሚገኙትም ቢሆኑ ሁሉም አንድ አይደሉም። በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ከሚወጡት መካከል የሠሪውን ስም መጥቀስ ብቻ የሚጠይቁ አሉ፣ ለንግድ ጨርሶ የማይፈቅዱም አሉ።

ሶፍትዌሩም የራሱ ጣጣ አለው። የአውቶዴስክ የተማሪ ፈቃድ ለትምህርት ብቻ ነው፤ በእሱ የተሠራ ምስል ሞዴሉ ንጹህ ቢሆንም ለሽያጭ መቅረብ የለበትም። በብሌንደር የሠራነው ግን የኛው ነው።

አሁን ወደሚገርመኝ ጉዳይ ልምጣ። መሽወርክስ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2003 ለቶዮታ ማስታወቂያ የሚሆኑ የመኪና ዲጂታል ሞዴሎች ሠርቶ ነበር። ሥራው ቀልድ አይደለም። መኪናውን በቴፕ መረብ ሸፍነው፣ ከኮምፒውተር ጋር በተያያዘ የመለኪያ ክንድ ነጥብ በነጥብ ለኩት፤ ከዚያም ለአንድ መኪና ከ80 እስከ 100 ሰዓት እየፈጁ በእጅ አስተካከሉት። መሽወርክስ የተስማማሁት ለአንድ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ብቻ ነው ይላል፤ ሞዴሎቹ ግን በሌሎችም ማስታወቂያዎች ላይ ዋሉ። በቅጂ መብት ጥሰት ከሰሰ። እ.ኤ.አ. በ2008 የ10ኛው ምድብ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በመሽወርክስ ላይ ፈረደበት። ፍርዱን የጻፉት በኋላ በ2017 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆኑት ኒል ጎርሰች ናቸው። ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? ሞዴሉ መኪናውን እንዳለ የቀዳ ነው፤ ሠሪው ከራሱ የጨመረበት የፈጠራ ነገር የለም፤ ስለዚህ በቅጂ መብት አይጠበቅም ተባለ። ያ ሁሉ ሰዓትና ያ ሁሉ ልፋት ብቻውን መብት አልወለደም።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ዳኛው ልክ ናቸው ብያለሁ። መኪናውን የነደፈው ቶዮታ ነው፤ ሞዴል ሠሪው ያደረገው በትክክል መገልበጥ ነው፣ የተከፈለውም ለዚያው ነበር። ለኛ ግን ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። የቆየ ቤት ለክተን እንዳለ ሞዴል የምናደርግ ተማሪዎች ነን። በኛ አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥነ ሕንፃ ሥራዎችንና ፎቶግራፍን ከሚጠበቁት ሥራዎች ውስጥ ያስገባል፤ እሱም ቢሆን የሚፈልገው ወጥ የሆነ ሥራ ነው። የተገለበጠ ነገር ይዘን አንድ ቀን ክርክር ቢነሳ ምን ይዘን እንቀርባለን? ያለን መከላከያ ውላችን ብቻ ነው። «ለአንድ ጊዜ፣ ለዚህ ማስታወቂያ፣ ፋይሉ ሳይጨምር» የሚል አንድ መስመር ብጽፍ ኖሮ ሥራ አስኪያጁ ሲደውሉ የማሳያቸው ነገር ይኖረኝ ነበር።

«ኧረ ተወን፣ እዚህ ማን ያየናል?» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። እሺ፣ የኛ አብዛኛው ተማሪ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍልበት ካርድ የለውም፤ ይህ እውነት ነው፣ እኔም የሰው ካርድ ለማኝ ነበርኩ። ከትልልቆቹ ተማሪዎች የወረስነው የሞዴል ሃርድ ዲስክ ከየት እንደመጣ ማንም አያውቅም፤ ሁላችንም ግን ከእሱ እንቀዳለን፣ እኔን ጨምሮ። ለስቱዲዮ ልምምድ ከሆነ አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ። ብር የሚከፈልበት ሥራ ላይ ግን አልስማማም። ደንበኛው ምስሉን ትልቅ ፕሪንት አድርጎ አደባባይ ላይ ይሰቅለዋል፣ ኢንተርኔት ላይ ይለቀዋል፣ ሞዴሉን የሠራው ሰው የትም አገር ሆኖ ያየዋል። ጥያቄ ሲነሳ ደግሞ ደንበኛው ጣቱን የሚቀስረው ወደኛ ነው። ካርድ የሌለው ሰው ፖሊ ሄቨን ላይ ያለ ክፍያና ያለ ቅድመ ሁኔታ ለንግድም የሚሆኑ ሞዴሎች ማግኘት ይችላል። ምርጫው ጠባብ ነው፣ አልክድም፤ በተለይ ሶፋ ለሚፈልግ ሰው።

ስለዚህ ለዲፓርትመንታችን የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። ከእያንዳንዱ የስቱዲዮ ፕሮጀክት ጋር አንድ ገጽ ይያያዝ፤ የትኛው ሞዴል ከየት እንደመጣ፣ በማን ስም እንደተገዛ፣ ፈቃዱ ምን እንደሚል ይጻፍበት። ከሃርድ ዲስኩ የመጣውም «ምንጩ አይታወቅም» ተብሎ በግልጽ ይስፈር እንጂ አይደበቅ። ጁሪ ላይ ማርክ ባይኖረውም እንኳ መምህራን ይጠይቁበት። ለፕላኑ ስኬል እየጠየቁን ለወንበሩ ባለቤት አለመጠየቃቸው ይገርመኛል።

የእኔን ጉዳይ በተመለከተ ለድርጅቱ ደብዳቤ ጽፌ ፋይሉን እንዲያጠፉና ለሌላ እንዳይሰጡ ጠይቄአለሁ፤ እስካሁን መልስ የለም። ለአክስቴ ልጅም ያደረግኩትን ነገርኳት። ቀጥሎ ለሚመጣው ሥራ ሶፋውን ራሴ እየነደፍኩ ነው። ሦስት ሳምንት ሆኖኛል፣ ገና እግሩ ላይ ነኝ።