ፎቶው ሲጨልም ጥፋቱ የማን ነው?

«መልክ ስጠኝ እንጂ ሙያ ከጎረቤቴ እማራለሁ» አለች አሉ። በፎቶ ቤት ግን ነገሩ ለሁለት የተከፈለ ነው። መልኩን ፈጣሪ ለደንበኛዋ ሰጥቷታል፤ ሙያውን መማር ያለበት ፎቶ አንሺው ነው።

በየሠርጉና በየምረቃው የሚታየውን የማያውቅ የለም። ልጅቷ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ ሹሩባዋን ተሠርታ ፎቶ ቤት ትገባለች። ፎቶው ሲወጣ ቀሚሱ እንደ በረዶ ያበራል፤ ፊቷ ግን ጨልሟል። ግንባሯና አፍንጫዋ ላይም ላብ የመሰለ ነጭ ነጥብ ተቀምጧል። እንግዲህ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ላለች እናት የሚላከው ይኸው ነው። ልጇን ለዓመታት በዓይኗ ላላየች እናት ደግሞ ፎቶ የግድግዳ ጌጥ ብቻ አይደለም። ባለሙያው ሲጠየቅ «ቆዳሽ ጠቆር ስለሚል ነው» ብሎ ይገላገላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው።

ነገሩ ሥር አለው። የኮዳክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ያድለው የነበረው የቀለም ማስተካከያ ካርድ የአንዲት ነጭ ሴት ፎቶ ነበር። ካርዱም በኩባንያው ትሠራ በነበረች ሴት ስም «ሸርሊ» ተባለ። የእርሷ ፊት ካማረ ሥራው ሰመረ ይባል ነበር። ኩባንያው የተለያየ የቆዳ ቀለም ያላቸውን ሴቶች ጎን ለጎን ያሳየ ካርድ ያወጣው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። የዛሬው ዲጂታል ካሜራ ግን ጥቁሩንም ጠይሙንም አጥርቶ መያዝ ይችላል። የቀረው የመብራት አያያዝ ነው።

አንደኛ፣ የመብራቱ ስፋት። ስትሮብ የሚባለው የስቱዲዮ ፍላሽ ሳይሸፈን ሲበራ ብርሃኑ ከአንዲት ትንሽ ነጥብ ይወጣል። ጠይም ቆዳ እንደ ተወለወለ እንጨት ብርሃን ስለሚመልስ ያቺ ነጥብ ግንባር ላይ ቁልጭ ብላ ትታያለች። ፍላሹ አንድ ሜትር ያህል ስፋት ባለው ሶፍትቦክስ፣ ማለትም በነጭ ጨርቅ በተሸፈነ ሣጥን ውስጥ ሲገባ ግን ነጥቧ ተዘርግታ የጉንጭን ቅርጽ የሚያሳይ ለስላሳ ወዝ ትሆናለች።

ሣጥኑ ከፊት ለፊት፣ ከዓይን ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከፊቷ አንድ ሜትር ያህል ርቆ ይቆማል። ከደረቷ በታች ነጭ ሰሌዳ ቢያዝ ብርሃኑ ከታች ተመልሶ የዓይንና የአገጭ ሥር ጥላን ያቀላል። መብራቱን ማቅረብ ሌላም ጥቅም አለው። ከመብራት የሚኖረው ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ብርሃኑ ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ መብራቱ ለፊት ሲቀርብ ፊቷ ብዙ፣ የቀሚሱ ታች ጥቂት ያገኛል። ሣጥኑን በትንሹ ወደ ላይ ቀና ማድረግም የነጩን ልብስ ነጸብራቅ ይቀንሳል።

ሁለተኛ፣ ልኬት። ፍላሹን በራሱ የሚመጥን ካሜራ የሚያየው ከሰውና ከልብስ ተመልሶ የሚመጣውን ብርሃን ነው። ነጭ ቀሚስና ነጠላ ሲሞሉት «ብርሃን በዛ» ብሎ ይቀንሳል፤ የሚጎዳው ፊት ነው። በእጅ የሚያዝ ፍላሽ ሜትር ግን ከአገጯ ሥር ሆኖ ወደ መብራቱ ሲዞር፣ ፊቷ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ስለሚለካ የቀሚሱ ንጣት አያታልለውም። ለመነሻ አይኤስኦ 100፣ ሹተር 1/125 ሴኮንድ፣ የሌንስ መክፈቻ ኤፍ 8 ይበቃል፤ ከዚያ ወዲያ የሚስተካከለው የፍላሹ ኃይል ነው። ፊቱ አሁንም ከከበደ ግማሽ ስቶፕ ይጨመራል። ቀለም እንዳያበላሽ የክፍሉ ቢጫ አምፖል ይጥፋ።

ሦስተኛ፣ ጀርባ። ጥቁር ፀጉር በጥቁር መጋረጃ ፊት ይጠፋል፤ ያ ሁሉ ሰዓት የተለፋበት ሹሩባ የት እንዳለቀ አይታወቅም። ሌላ ስትሮብ ከኋላ በጎን በኩል በዝቅተኛ ኃይል ቢበራ የፀጉሩና የትከሻው ጠርዝ ይለያል። ወንበሩም ከመጋረጃው ሁለት ሜትር ያህል ይራቅ።

ፊት እንዳይጨልም ተብሎ ከቆዳ የነጣ ፓውደር መቀባት መፍትሔ አይደለም። ፍላሽ ሲያርፍበት አመድ ይመስላል፤ ፊት ሌላ፣ አንገት ሌላ ይሆናል። በኮምፒዩተር ፊትን ማንጣትም ያው ነው። እናት የምትጠብቀው የልጇን መልክ እንጂ የጎረቤት ልጅ መልክ አይደለም።

እንግዲህ ደንበኛ ሂሳቡን ከመክፈሉ በፊት መጠየቅ መብቱ ነው። ባለሙያው ከዚህ ቀደም ያነሣቸውን ጠይምና ጥቁር ደንበኞች ፎቶ ያሳይ። የሙከራ ፎቶ ያንሣ፤ ደንበኛውም በካሜራው መስኮት ላይ ከቀሚሱ በፊት ፊቱን ይመልከት። «ቆዳሽ ነው» የሚል መልስ ከመጣ፣ መብራቱን አንቀሳቅሶ እንደገና እንዲያነሣ በትሕትና መንገር ይበቃል።