ልብ ስለሚያንጠለጥሉ ፊልሞች ጥቂት ቃል

ሰው ሁሉ አደጋን ይሸሻል፤ ነገር ግን አደጋው እርሱን የማይነካው መሆኑን ሲያውቅ ሊያየው ይሽቀዳደማል። በመንገድ ላይ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ዙሪያውን የሚቆመውን ሕዝብ ብዛት፥ ማታም በምድጃ ዳር የጅብና የሽፍታ ወሬ ሲወራ የልጆችን ዝምታ የተመለከተ ይህን ጠባይ ያውቀዋል። ሲኒማም ከተወለደ ጀምሮ ከዚሁ ጠባይ እንጀራውን ሲበላ ኖሯል። የሉሚዬር ወንድማማቾች በፓሪስ ከተማ ለሕዝብ በገንዘብ ማሳየት የጀመሩት እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1895 ነው፤ ከዚህ በታች የምንጠቅሰውም ዘመን ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው። ከዚያ ስምንት ዓመት ቈይቶ በ1903 በአሜሪካ «ታላቁ የባቡር ዘረፋ» የተባለው ፊልም ወጣ። ርዝመቱ 12 ደቂቃ ያህል ብቻ ሲሆን፥ ወንበዴው ሽጉጡን ወደ ተመልካቹ አዙሮ ሲተኵስ ይታይበታል።

በአገራችንም ሲኒማ በመጀመሪያ በአዲስ አበባ በታየ ጊዜ ሕዝቡ ቤቱን «ሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ሰየመው የታወቀ ነው። ዛሬ ግን ያ ሰይጣን በየሳሎናችን ገብቶ ከልጆቻችን ጋራ ተቀምጧል፤ ስለዚህ ስለ እርሱ መነጋገር የቤተ ሰብ ጉዳይ ሆኗል።

እኛ የሲኒማ ሊቃውንት አይደለንም። የሳምንቱ ሥራ ሲፈጸም አንድ ሁለት ሰዓት ለማረፍ ከሚቀመጡት ተመልካቾች ወገን ነን። ነገር ግን ወጡን ቀምሶ ጨው አነሰው ለማለት ወጥ ሠሪ መሆን አያስፈልግምና፥ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከወጡት የድብድብና የልብ አንጠልጣይ ፊልሞች ስለ ጥቂቶቹ የታየንን እንጽፋለን።

ከሁሉ አስቀድሞ ስሙ ከወጣቶች አፍ የማይጠፋውን ጆን ዊክን እንመልከት። የመጀመሪያው ክፍል የወጣው በ2014 ነው። ታሪኩም አጭር ነው፤ ነፍሰ ገዳይነቱን የተወ አንድ ሰው ሚስቱ በሕመም ትሞትበታለች፤ እርስዋም ባሏ ብቻውን እንዳይቀር አስባ ያዘጋጀችለት ቡችላ ከሞቷ በኋላ ትደርሰዋለች። የወንበዴ አለቃ ልጅ የሆነ አንድ ባለጌ መኪናውን ተመኝቶ በሌሊት ይገባና ቡችላዪቱ ትገደላለች። «ስለ አንድ ውሻ ይህ ሁሉ ደም?» የሚል ሰው ይኖራል፤ ዳሩ ግን ቡችላዪቱ የሟቿ የመጨረሻ ቃል ነበረችና፥ ተመልካቹ የሰውዬውን ኀዘን ይካፈላል። ዲሬክተሩ ቻድ ስታሄልስኪም ቀድሞ በ1999 በወጣው በ«ማትሪክስ» ለዚሁ ተዋናይ ለኪአኑ ሪቭስ ምትክ ሆኖ ይወድቅና ይጋደል የነበረ ሰው ነው። ስለዚህ ድብድቡን ቈራርጦ አያምታታም፤ የሰውዬው አካል ከራስ እስከ እግር እንዲታይ ያደርጋል።

በ2023 የወጣው አራተኛው ክፍል ግን 169 ደቂቃ የፈጀ ሲሆን፥ የሚወድቀው ሰው ቍጥር የለውም፤ ለጀግናውም ጥይት የማይበሳው ኮት አልብሰውታል። በፓሪስ በሞንማርትር ኮረብታ ባለው ረጅም ደረጃ ላይ እየተጋደለ ወጥቶ ወጥቶ፥ እስከ ታች ተንከባልሎ እንደ ገና መውጣት ሲጀምር ሥቀናል፤ ጥበቡንም አድንቀናል። ነገር ግን አልፈራንለትም። ጥይት የማይበሳውን ሰው በውኑ ስለ ምን እንፈራለታለን?

ሁለተኛው የቶም ክሩዝ ነው። በ2018 የወጣው «ሚሽን ኢምፖሲብል ፎልአውት» ሲሠራ፥ ይህ ተዋናይ በ2017 በለንደን ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው ሲዘል ቍርጭምጭሚቱ ተሰበረ፤ ዕድሜውም ያን ጊዜ 55 ነበረ። በዚህም ምክንያት ሥራው ለሳምንታት ሲቆም፥ እግሩ የተሰበረበት ዝላይ ግን በፊልሙ ውስጥ ገብቶ ይታያል። ይህ ዐይነት ድፍረት አዲስ አይደለም፤ በ1928 በስተር ኪተን የቤት ግድግዳ በሙሉ ሲወድቅበት ባለበት ቆሞ፥ የመስኮቱ ክፍተት በራሱ ላይ ስላለፈ ብቻ ድኗል። እኛም እንዲህ ያለውን ስናይ ትንፋሻችን ይቆማል። ነገር ግን ልብ ብለን ብንመረምረው፥ የምንፈራው ለተዋናዩ ነው እንጂ ለታሪኩ ሰው አይደለም። ፊልሙ ሲያልቅ «እንዴት ዘለለ!» እንላለን፤ ስለ ምን እንደ ዘለለ ግን ማግስቱን ረስተነዋል።

እንግዲህ ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፥ የፍርሃትን ሥር መፈለግ ይገባል። በዚህ ሥራ ስመ ጥሩ የሆነው ዲሬክተር አልፍሬድ ሂችኮክ በ1962 ለፈረንሳዊው ለፍራንሷ ትሩፎ ሲያስረዳ በአንድ ምሳሌ ተናግሯል። ሰዎች ተቀምጠው ሲጨዋወቱ ከጠረጴዛው ሥር ያለ ቦምብ በድንገት ቢፈነዳ ተመልካቹ ለጥቂት ሴኮንድ ይደነግጣል። ቦምቡ መኖሩን ተመልካቹ አስቀድሞ ቢያውቅና ተቀማጮቹ ባያውቁ ግን፥ ተራው ጨዋታቸው ሁሉ ለሩብ ሰዓት ያህል ያስጨንቀዋል። ስለዚህ ጭንቀትን የሚወልደው ማወቅና መጠበቅ ነው፤ የጩኸቱ ብዛት አይደለም።

ይህን ምሳሌ በተግባር ያየነው በ2018 በወጣው «ኤ ኳየት ፕሌስ» በተባለው ፊልም ነው፤ ትርጓሜውም ጸጥተኛ ስፍራ ማለት ነው። ዐይን የሌላቸው አውሬዎች ምድርን ወርረው ድምፅ የሰሙበትን ሁሉ ይፈጃሉ። አንድ አባት፥ አንዲት እናትና ልጆቻቸው በባዶ እግራቸው በአሸዋ ላይ እየሄዱ፥ በእጅ ምልክት እየተነጋገሩ ይኖራሉ። ዲሬክተሩ ጆን ክራዚንስኪ አባቱን ሆኖ ሲጫወት፥ እናቲቱን የምትጫወተው እውነተኛ ሚስቱ ኤምሊ ብለንት ናት፤ የማትሰማውንም ልጅ የተጫወተችው ሚሊሰንት ሲመንድስ በእውነትም መስማት የተሳናት ናት። በቤቱ ደረጃ ላይ አንድ ምስማር ተነሥቶ መቆሙን እኛ እናያለን፤ የቤቱ ሰዎች አያዩትም። እናቲቱ ነፍሰ ጡር ናት፤ በዚያም ደረጃ መውረዷ አይቀርም። ከዚያ ወዲያ አንዲት ምስማር ከብዙ መትረየስ ይልቅ ታስፈራለች። አባትና ልጅም አንዱ የሌላውን ፍቅር ተጠራጥረው፥ የልባቸውን ቃል ሳያወጡት መኖራቸው ከአውሬው ይልቅ ልብ ያደማል። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ በቤተ ሰብ መካከል ግን መነገር የሚገባውን ቃል የሚውጥ ዝምታ እንዳለ ይህ ፊልም ያሳያል። ፍጻሜውን አንናገርም፤ ሄዶ ማየት ይሻላል።

በዚያው ዓመት ከዴንማርክ የወጣው የጉስታቭ ሞለር ሥራ ደግሞ ይልቁንም ለሹማምንት አንባቢዎቻችን የሚጠቅም ነው፤ ስሙም «ጥፋተኛው» ማለት ነው። አንድ ፖሊስ የአደጋ ጥሪ በሚቀበልበት ቢሮ ተቀምጧል፤ አንዲት ሴት ተጠልፌአለሁ ስትል በስልክ ትጠራዋለች። ከዚያ ቢሮ እስከ ፍጻሜው አንወጣም፤ የምናየው የፖሊሱን ፊት ብቻ ነው፤ መኪናውም፥ መንገዱም፥ ሕፃናቱም በጆሯችን ብቻ ይመጣሉ። ሰውዬው በሰማው ጥቂት ቃል ፈርዶ ሌሎችን ያዝዛል፤ ፍርዱም ምን እንደሚያስከትል ቈይቶ ይገለጥለታል። በአንድ ወገን ቃል ብቻ ትእዛዝ መስጠት የለመደ ሰው ይህን ፊልም አይቶ ጥቂት ሌሊት እንቅልፍ ቢያጣ መልካም ነው እንላለን።

ደግሞ አንድ ሊረሳ የማይገባው ነገር አለ። በአሜሪካ በኒው ሜክሲኮ «ረስት» የተባለው ፊልም ሲሠራ በጥቅምት 2021 ለጨዋታ ተብሎ ከተያዘ ሽጉጥ እውነተኛ ጥይት ወጥቶ ፊልሙን የምታነሣውን ሴት ገደለ። እኛ ለመዝናኛ የምናየው አደጋ ለሚሠሩት ሰዎች እንጀራም ሞትም እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል። በተዋናዮች ምትክ የሚወድቁትና የሚቃጠሉት ሰዎች ስማቸው ሳይነሣ ኖረዋል፤ የኦስካር ሽልማት ማኅበር በ2027 ከሚወጡት ፊልሞች ጀምሮ ለዚህ ሙያ ሽልማት እንደሚሰጥ በ2025 ማስታወቁም የዘገየ ፍትሕ ነው።

እንግዲህ ልጆቻችን ምን ይመልከቱ? አሜሪካኖች የጆን ዊክን ፊልሞች ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ በሲኒማ ቤት እንዳያይ ደንግገዋል። ደንቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን በሳሎን ውስጥ ዘበኛ የለም፤ ዘበኛው ወላጅ ነው። ዘበኛነቱም መከልከል ብቻ መሆን የለበትም፤ የተከለከለ ነገር ይበልጥ ይጣፍጣልና። ከልጁ ጋራ ተቀምጦ ማየት፥ ሲፈጸምም አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይበቃል፤ ይኸውም «ለማን ፈራህ?» የሚል ነው። ልጁ ለእናቲቱ፥ ለማትሰማው ልጅ፥ ወይም በስልክ ለምታለቅሰው ሴት ፈራሁ ቢል፥ ፊልሙ ርኅራኄን አስተምሮታልና ደስ ይበለን። ስንት ሰው እንደ ሞተ ብቻ ቈጥሮ ቢነግረን ግን፥ የሰው ሞት በዐይኑ ፊት ቍጥር ሆኖ እንዳይቀር ያን ምሽት ቴሌቪዥኑን ዘግተን ከእርሱ ጋራ መነጋገር ይገባናል።