የብርሃን ማጣሪያ ይገዛ ወይስ የመብራት ቆብ ይሠራ?

በዚህ ዓመት በትምህርት ቤታችን የሥነ ፈለክ ማኅበር አባሎች መካከል የተነሣው ክርክር፥ ያዋጣነው ገንዘብ ለምን ይዋል የሚል ነበር። ከፊሎቹ «ለቴሌስኮፓችን ካሜራ የከተማን ብርሃን የሚያግድ ማጣሪያ ይገዛበት፤ ያን ጊዜ ከግቢያችን ሳንወጣ የሰማይን ሥዕል ሁሉ እናነሣለን» ይላሉ። ከፊሎቹ ደግሞ «ማጣሪያ ከንቱ ወጪ ነው» ብለው ነገሩን ከነጭራሹ ይተዉታል። እኔ ከሁለቱም ወገን አልቆምም። ማጣሪያ ጥቅም አለው፤ ነገር ግን ጥቅሙ ወሰን አለው። ከዚያ ወሰን ያለፈው መድኃኒት የሚገኘው ከቴሌስኮፑ ላይ ሳይሆን ከመብራቱ ላይ ነው። ይህን አሳቤን ለአንባቢያን በዝርዝር እገልጻለሁ።

አስቀድሞ ማጣሪያው የሚሠራውን ሥራ መረዳት ያስፈልጋል። ዓይናችን የሚያየው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ገደማ ነው። በኦሪዮን የከዋክብት ስብስብ ውስጥ እንዳለው ያለ ኔቡላ፥ ማለት በሰማይ ላይ እንደ ደመና ተዘርግቶ የሚያበራ ጋዝ፥ ብርሃኑን በዚህ ወሰን ሁሉ እኩል አይበትነውም፤ አብዛኛውን በጥቂት ጠባብ መስመሮች ይሰበስበዋል። ከነዚህም ዋና ዋናዎቹ በ656.3 ናኖሜትር ያለው የሃይድሮጅን ቀይ መስመርና በ500.7 ናኖሜትር ያለው የኦክሲጅን አረንጓዴ መስመር ናቸው። ስለዚህ በላዩ እጅግ ስስ ሽፋኖች የተነባበሩበት መስተዋት ተሠርቶ እነዚህን ሁለቱን መስመሮች ብቻ ቢያሳልፍ፥ የኔቡላው ብርሃን ያልፋል፤ የመንገዱ መብራት ግን በአብዛኛው ከደጅ ይቀራል። እያንዳንዳቸው 7 ናኖሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት መስኮቶች ያሉት ማጣሪያ ከ300ው ናኖሜትር 14ቱን ብቻ ያሳልፋል፤ ይኸውም ከመቶ 5 እጅ አይሞላም። ማጣሪያ ከንቱ ነው ለሚሉት ወንድሞቼ መልሴ ይህ ነው።

ሆኖም ማጣሪያ መግዛትና በማጣሪያ መጠቀም አንድ አይደሉም። ማጣሪያው የሚገጠመው በቴሌስኮፑና በካሜራው መካከል፥ ለካሜራው በቀረበው ቀለበት ውስጥ ነው። በብዛት የሚገኙት መጠኖች 1.25 ኢንች እና 2 ኢንች የሚባሉት ናቸው። የካሜራው ብርሃን ተቀባይ ገጽ ሰፊ ሆኖ ሳለ ትንሹ ማጣሪያ ርቆ ቢገጠም፥ የሥዕሉ ማዕዘኖች ይጨልማሉ፤ ስለዚህ ለሰፊ ገጽ 2 ኢንቹ ይሻላል። ደግሞም መስተዋት ብርሃንን ስለሚሰብር፥ ማጣሪያው የምስሉን ማረፊያ የውፍረቱን ሲሶ ያህል ወደ ኋላ ይገፋዋል። ውፍረቱ 2 ሚሊሜትር ቢሆን 0.7 ሚሊሜትር ገደማ ይገፋል ማለት ነው። ከቴሌስኮፑ ጋር የሚሠራው የምስል ማስተካከያ ሌንስ ከካሜራው ገጽ 55 ሚሊሜትር መራቅ የሚያስፈልገው ከሆነ፥ ማጣሪያ በመካከል ሲገባ ርቀቱ 55.7 ይሁን፤ አለዚያ በሥዕሉ ዳር ያሉት ከዋክብት ተጎትተው ይታያሉ። ማጣሪያው ከገባ በኋላ ትኩረቱ እንደገና መስተካከል አለበት። የጥላና የአቧራ ጉድለት ለማረም የሚነሡት የእኩል ብርሃን ሥዕሎችም ማጣሪያው እንደ ተገጠመ መነሣት ይገባቸዋል።

ከዚህ ሌላ ከሁሉ በላይ እኛን የሚመለከት ነገር አለ። የማኅበራችን ካሜራ ለሰዎችና ለአገር ገጽታ የተሠራ ተራ የፎቶግራፍ ካሜራ ነው። እንዲህ ያለው ካሜራ የሰው ፊት እንዳይቀላ ሲባል በውስጡ የራሱ ማጣሪያ ተገጥሞለታል፤ ይህም በ656.3 ናኖሜትር ካለው ቀይ ብርሃን አብዛኛውን ያግዳል። እንግዲህ በውድ ዋጋ የምንገዛው ማጣሪያ ቀዩን መስመር ቢያሳልፍልን፥ ካሜራው ራሱ መልሶ ይዘጋብናል። ከሁለቱ መስኮቶች አንዱ ተዘግቶ የሚኖር ቤት መሥራት ብልኅነት አይመስለኝም። ካሜራው በባለሙያ እጅ እስኪለወጥ ድረስ የማጣሪያው ግዢ ቢቆይ ይሻላል የምለው ስለዚህ ነው።

ቀጥሎ ወደ ወሰኑ እንምጣ። ወንፊት አሸዋን ከጤፍ ይለያል፤ ጤፍን ከጤፍ ግን ሊለይ አይችልም። ኔቡላ ብርሃኑ በመስመር የተለየ ስለ ሆነ ይለያል። ከዋክብትና ጋላክሲዎች ግን፥ እንደ አንድሮሜዳ ያለው ጋላክሲ ጭምር፥ በሁሉም የሞገድ ርዝመት ያበራሉ። ለነዚህ ማጣሪያ ብናስገባ የከተማውን ብርሃን ስንቀንስ የነርሱንም አብረን እንቀንሳለን። ቀድሞ በብዙ የዓለም ከተሞች የነበሩት የሶዲየም መብራቶች ብርሃናቸው በይበልጥ በ589 ናኖሜትር አካባቢ የተሰበሰበ ስለ ነበረ፥ ያንን ብቻ የሚቆርጥ ማጣሪያ ለጋላክሲም ቢሆን ይረዳ ነበር። አሁን የሚተከሉት ነጭ የኤል.ኢ.ዲ. መብራቶች ግን በ450 ናኖሜትር ገደማ ብርቱ ሰማያዊ ብርሃን፥ ከዚያም እስከ ቀዩ ድረስ የተዘረጋ ሰፊ ብርሃን ይሰጣሉ። የሚቆረጥ አንድ መስመር የላቸውም። ስለዚህ ለድሮው መብራት የተሠራው ማጣሪያ ለአዲሱ መብራት ጉልበቱ ደክሟል። በቅርብ ዓመታት የአዲስ አበባን አውራ ጎዳናዎች በብዛት ያስጌጡት እነዚሁ ነጭ መብራቶች መሆናቸውን ሁላችን እናያለን።

ነገሩ የእኛ ማኅበር ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የዓለም የሌሊት ሰማይ ብሩህነት ካርታ፥ ከሰው ልጆች ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ፍኖተ ሐሊብን ከሚኖሩበት ቦታ ሊያዩ እንደማይችሉ ገልጧል። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ብዙ ሰዎች በዓይናቸው ከቆጠሩት ከዋክብት በመነሣት፥ ከ2011 እስከ 2022 የሰማዩ ብሩህነት በየዓመቱ በአማካይ ከመቶ 9.6 እጅ እንደ ጨመረ አስረድቷል። ቁጥሩ በብዛት ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ የመጣ ቢሆንም፥ ምሳሌነቱ ለእኛም ነው። በአገራችንም መስተዋታቸው 1 ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች በእንጦጦ ተራራ ላይ፥ በ3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ተተክለዋል። ከእግራቸው በታች ግን የምትሰፋ ከተማ አለች። የተሻለ ጨለማ ያለው ቦታ ፍለጋ ወደ ላሊበላ አካባቢ ተራሮች መታየቱም ያለ ምክንያት አይደለም። እንግዲህ 1 ሜትር መስተዋት ላለው ያልቀለለ ነገር ለእኛ ትንሽ ቴሌስኮፕ እንዴት ይቀልላል?

አበው «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። የዚህ ነገር ሥሩ መብራቱ ነው። ወደ ላይ የሚረጨው ብርሃን ለማንም እግር መንገድ አያሳይም፤ የመብራት ኃይልም ገንዘብም በከንቱ ይፈስሳል። ይህን አስቀድመው የተረዱ አገሮች አሉ። በአሜሪካ በአሪዞና ክፍለ ሀገር የምትገኘው ፍላግስታፍ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1958 ወደ ሰማይ የሚወረወሩ የማስታወቂያ መብራቶችን የሚከለክል ደንብ አውጥታለች። ስፔንም እ.ኤ.አ. በ1988 በካናሪ ደሴቶች ያሉትን የከዋክብት መመልከቻዎች ሰማይ የሚጠብቅ ሕግ ደንግጋለች። እነዚህ ከተሞችና ደሴቶች በጨለማ አልተዋጡም፤ መብራታቸውን ወደ ምድር መለሱት እንጂ።

«አገር ሲሠለጥን ይበራል፤ ጨለማ የሌባ ወዳጅ ነው» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔም ከማታ ትምህርት በእግሯ የምትመለስ እኅት አለችኝ፤ መንገዷ እንዲጨልም ከቶ አልመኝም። የምጠይቀው መብራቱ ከሰማይ ይልቅ የእርሷን መንገድ እንዲያበራ ነው። ቆብ የሌለው መብራት ዓይንን ስለሚወጋ፥ ከአጠገቡ በጥላ ውስጥ የቆመውን ሰው ይሰውረዋል። ቆብ ያለው ግን ምድሩን ያሳያል፤ ዓይንንም አያሳውርም። ስለዚህ ደኅንነትና የሌሊት ሰማይ ጠላቶች አይደሉም።

እንግዲህ ያለን ገንዘብ ጥቂት ስለ ሆነ ቅደም ተከተሉን ማወቅ ይገባናል። በመጀመሪያ በግቢያችን ላሉት መብራቶች በእጅ ሥራ ክፍላችን ከቆርቆሮ ቆብ እንሥራላቸው፤ ይህን ለማድረግ የርእሰ መምህሩን ፈቃድ እንጠይቅ። የእኛ ቆብ የአዲስ አበባን ሰማይ እንደማያጨልመው አውቃለሁ፤ ነገር ግን በቀጥታ ወደ ቴሌስኮፑ አፍ የሚገባውን ብርሃን ያስቀራል፤ ለጎረቤቶቻችንም ምሳሌ ይሆናል። ሁለተኛ፥ ከክረምት በኋላ ሰማዩ በሚጠራበት ወራት ከከተማ ርቀን አንድ ሌሊት እንድናድር ለጉዞው ገንዘብ እንመድብ። የሰማዩ ብርሃን በ10 እጅ ቢያንስ፥ በከተማ 10 ሰዓት የሚፈጀውን ደካማ ጋላክሲ በ1 ሰዓት እናነሣዋለን፤ ይህን የሚያደርግ ማጣሪያ ለጋላክሲ አልተሠራም። ሦስተኛ፥ ካሜራችን ሲለወጥ ባለ ሁለት መስኮቱን 2 ኢንች ማጣሪያ እንግዛ። በታኅሣሥና በጥር ኦሪዮን ከራሳችን በላይ ሲቆም ከግቢያችን ሆነን ኔቡላውን እናነሣበታለን።

በማኅበራችን ውስጥ በከተማ ተወልደው ያደጉ፥ ፍኖተ ሐሊብን በሥዕል እንጂ በዓይናቸው አይተው የማያውቁ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች አሉ። አያቶቻቸው በአጥቢያ ኮከብ ተነሥተው ያርሱ ነበር። ካሜራ በማጣሪያ አማካይነት ከብርሃኑ ያመልጥ ይሆናል፤ ለሰው ዓይን ግን እንዲህ ያለ ማጣሪያ ገጥመንለት የጠፋውን ሰማይ ልንመልስለት አንችልም። ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ በመጪው የማኅበሩ ስብሰባ እጃችሁን ስታነሡ ለካሜራው ብቻ ሳይሆን ለነዚህ ልጆች ዓይንም አስቡላቸው እላለሁ።