በሕፃናት የተተከለ ኩላሊት ክትትል፦ ከመርፌ ወደ ሽንት ናሙና

በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በመስከረም 2008 ዓ.ም. የተጀመረው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሕክምናውን ለዜጎች በአገር ውስጥ ያቀረበ እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ ሰውነት የተተከለውን ኩላሊት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሊያጠቃው ስለሚችል ክትትሉ ሳይቋረጥ መቀጠል አለበት።

በሕፃናት ላይ ጥቃቱን በጊዜ መለየት ይበልጥ ያስቸግራል። በደም ውስጥ የሚለካው ክሬአቲኒን የሚጨምረው ኩላሊቱ ከተጎዳ በኋላ ነው፤ ከአዋቂ የተለገሰ ኩላሊት በትንሽ ሰውነት ውስጥ ሲሠራ ደግሞ ጉዳቱ ተሸፍኖ ሊቆይ ይችላል። ማረጋገጫው ባዮፕሲ፣ ማለትም ከኩላሊቱ በመርፌ ናሙና መውሰድ ሲሆን፣ የመድማት ስጋት አለው።

በመሆኑም ተመራማሪዎች በሽንት ውስጥ የሚገኘውን ሲኤክስሲኤል10 የተባለ ፕሮቲን እና ከለጋሹ ኩላሊት ወደ ደም የሚገባውን ዲኤንኤ ወደ መለካት ተሸጋግረዋል። ኢንፌክሽንም ይህንኑ ፕሮቲን ስለሚጨምር ምርመራው ባዮፕሲን ሙሉ በሙሉ አይተካም፤ ለየትኛው ሕፃን እንደሚያስፈልግ ለመለየት ግን ያግዛል።

በሰሜን ወሎ ሀብሩ ወረዳ፣ በግራና ለሚኖርና ለክትትል ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚጓዝ ቤተሰብ ፋይዳው ግልጽ ነው፦ በሕፃኑ ፈንታ ናሙናው ሊጓዝ ይችላል። ይህ እውን የሚሆነው ናሙናን በቅዝቃዜ ጠብቆ የሚያደርስ የላቦራቶሪ ትስስር ሲኖር ነው። እስከዚያው ዋነኛው መከላከያ መድኃኒትን ሳያቋርጡ መውሰድና ቀጠሮን ማክበር ነው።