የሚጠገን ማዳመጫ ይመረጥ
ከወልዲያ ወደ ቆቦ በሚወስደው ዋና አስፋልት ላይ በምትገኘው ጎብዬ፣ እንዲሁም ሙቀትና አቧራ በሚበረታባቸው በሌሎች የራያ ቆላ ከተሞች፣ ለኪስ ሙዚቃ ማጫወቻ የሚገዛ የጆሮ ማዳመጫ ከመልኩና ከማርካው ይልቅ በጥንካሬውና ለጥገና በመመቸቱ ሊመዘን ይገባል። ጀርባው ዝግ የሆነ ማዳመጫ፣ ማለትም ድምፅ ማመንጫው ከኋላ በድፍን ሽፋን የተከለለ፣ የባጃጁንና የጭነት መኪናውን ጩኸት ስለሚቀንስ፣ አድማጩ የከበሮውን ጎርናና ምት ለመለየት ሲል ድምፁን ከልክ በላይ እንዳይጨምር ያግዘዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በ80 ዴሲቤል መጠን በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ማዳመጥ እንደማይገባ መምከሩም የዚህን ጥቅም ክብደት ያሳያል። ይሁን እንጂ ዝግ ማዳመጫ ሙቀት ያምቃል፤ የጆሮ ትራሱን የሸፈነው ሰው ሠራሽ ቆዳ በላብ ተሰነጣጥቆ ይላጣል፤ የገመዱ ውስጠኛ ሽቦም ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው በመሰኪያው አንገት ላይ ነው። ስለዚህ ትራሱም ገመዱም ተነቅለው የሚቀየሩለት ዓይነት ተመራጭ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ለገበያ የቀረበው የዜንሃይዘር ኩባንያ ኤችዲ 25 ማዳመጫ ለረጅም ዘመን ተፈላጊ ሆኖ የቆየው ክፍሎቹ አንድ በአንድ ተፈትተው ስለሚለወጡ ጭምር ነው። ገዢው ማዳመጫው ለኤሌክትሪክ ፍሰት የሚያሳየውን ተቃውሞም፣ ማለትም በኦም የሚለካውን መጠን፣ ማየት አለበት፤ 32 ኦም አካባቢ ያለው በትንሽ ማጫወቻ በቂ ድምፅ ሲሰጥ፣ 250 ኦም ያለው ግን ያለ ማጉያ ብዙውን ጊዜ ይደክማል። ነጋዴዎችም ከማዳመጫው ጋር መለወጫ ትራስና ገመድ ቢያስመጡ፣ ገንዘቡን ቆጥቦ የሚገዛውን ወጣት በየጊዜው አዲስ ዕቃ ከመግዛት ያድኑታል።